ጀልባ በአይሱዙ፦ ከባቱ ወደ ጫሞ፣ ከጫሞ ወደ አሞራ ገደል

ሐዋሳ ውስጥ አዲስ የብረት ጀልባ ለማሠራት በያጆችን ዋጋ ስንጠይቅ፣ አጎቴ ቁጥሩን ሰምተው “በዚህ ብር ሐይቁንስ ከነአሳው አይሸጡልንም?” ብለው ወጡ። አሮጌ ገዝተን እንጠግን የተባለው ያን ዕለት ነው። አጎቴ ዕድሜያቸውን መረብ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። እኔ ብር አዋጥቼ ሒሳብ የምይዝ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ቀነ ገደቡን ያወጣልን ደግሞ ጾሙ ነው። በ2017 ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 17 ሰኞ ስለነበረ፣ ጀልባዋ ከዚያ በፊት ውሃ ላይ መገኘት አለባት። በዐቢይ ጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ እተወዋለሁ፤ የአሳ ገበያው ግን በየዓመቱ መልሱን በዋጋ ይናገራል።

ባቱ፣ ጥር 22

ከሐዋሳ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያለችው ባቱ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ከሞጆ ጀምሮ በፈጣኑ መንገድ ተንፈላስሶ ይደርሳል። እኛ ከደቡብ ስለመጣን ዕጣችን አሮጌው መንገድ ሆነ፦ የሻሸመኔ ባጃጅ፣ የአርሲ ነገሌ የአህያ ጋሪ፣ ከቡልቡላ ወዲህ ደግሞ አንዱ ሌላውን ሊቀድም የሚታገል የጭነት መኪና ሰልፍ።

ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያየናቸው ጀልባዎች የእንጨት ናቸው። ደላላው ያሳየን ሰባት ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ 85 ሺህ ብር የተጠራበት ነው። አጎቴ ዋጋውን እንዳልሰሙ ሆነው ከኪሳቸው ወስፌ አወጡ። የእንጨት ጀልባ የሚበሰብሰው ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ በሚውለው ሆዱ ሳይሆን፣ አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ በሚኖረው የውሃው መስመር አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ወስፌዋን ሲጫኗት እስከ እጀታዋ ገባች። ደላላው “እሱ ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው” አለ። አጎቴ ወስፌዋን ጠርገው ወደ ኪሳቸው መለሷት።

አንድ የዘይ ብሔረሰብ ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው ሲያዩን ቆይተው ሻይ ጋበዙን። እዚያው ሐይቁ ላይ ያለችው የቱሉ ጉዶ ደሴት ሰው ናቸው። ዝዋይ ጥልቀት የለውም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 9 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። “ጀልባን የሚገድለው ትልቅ ማዕበል አይደለም ልጄ፣ ይሄ ሚስማር የሚያላላው ነው” አሉኝ። እኛ ሐዋሳ ላይ ከ20 ሜትር በላይ ጥልቀት ስላለን፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከሰው ካልሰማነው አናስበውም።

ምሳ የተጠበሰ ቆሮሶ (ቲላፒያ) በላን፤ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ሳህን 450 ብር። ከሐዋሳው አንሶ ታየኝ፤ አጎቴ ግን ዘይቱ አዲስ ስለሆነ ይቅር ብለውታል። ማታ ያረፍንበት አልጋ 700 ብር ሲሆን አጎበሩ ላይ ለአንድ ትንኝ ሳይሆን ለአንድ ርግብ የሚበቃ ቀዳዳ ነበረው።

ሶዶ፣ ጥር 24

ሐዋሳ ገብተን ልብስ ቀይረን በማግስቱ ወደ ደቡብ ወረድን። ከሻሸመኔ በሀላባ ቁሊቶ፣ በሾኔና በቦዲቲ አድርጎ ሶዶ የሚያደርሰው መንገድ ላይ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ሀላባ ላይ ሚኒባሱ በርበሬ ጫነና ከዚያ እስከ ሶዶ ሁላችንም እያነጠስን ሄድን። ሶዶ ላይ ሥጋ በዳጣ በላን። ዳጣውን ያቀረበችልን ልጅ አጎቴ ላብ በላብ ሲሆኑ አይታ “አባባ፣ ውሃ ልጨምር?” ስትላቸው፣ “ዳጣ ጨምሪ” አሏት።

አርባ ምንጭ፣ ጥር 25 እና 26

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ ዓባያ ሐይቅ በግራ በኩል ይታያል። ውሃው ቀይ ቡናማ ነው፤ ሐዋሳን ለለመደ ዓይን ሐይቅ ሳይሆን የታረሰ መሬት ይመስላል ብዬ ስናገር አጎቴ “ከእርሻም አሳ ይወጣል” ብለው ዝም አሰኙኝ። ምዕራብ ዓባያ ላይ መንገድ ዳር ሙዝ ይሸጣል። ቁርሳችንን እዚያው ጨረስን።

ማረፊያችን ሲቀላ የሚባለው ዝቅ ያለው የከተማው ክፍል ነበር፣ 800 ብር። ሼቻ ከፍ ብሎ ነፋሻ ነው፤ ግን እኛ የሐይቅ ሥራ ላይ ነን። ማታ ከቤቱ ባለቤት ጋር ስናወጋ፣ እሳቸውም በጉርምስናቸው ጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ ይጥሉ እንደነበር ታወቀ፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ እኔን ያስታወሰኝ አልነበረም። ስለ ናይል ፐርች አወሩ። ድሮ አንዱን አሳ ሁለት ሰው ይሸከመው ነበር ይላሉ። አሁን ያን የሚያክል ስለማይወጣ መረቡም ቀዳዳው እየጠበበ ሄዷል። አዞው ግን አልቀነሰም። ጠዋት የሚሰበሰበውን መረብ ሌሊት ቀድሞ የሚጎበኘው እሱ ነው፤ አሳውን ወስዶ ቀዳዳውን ይተውላቸዋል። እዚህ አስጋሪው የብረት ጀልባ የሚመኘው ለዚህ ጭምር ነው። አዞና ጉማሬ ባለበት ሐይቅ ላይ ስስ እንጨት ተማምኖ የሚያድር ሰው፣ ሌላ ምርጫ የሌለው ነው።

በማግስቱ ሁለት የብረት ጀልባዎች አየን። የመጀመሪያዋ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታበራለች። ባለቤቱ ከወደቡ ሰዎች ሁሉ ቀድሞ መጥቶ፣ ጥላ ሥር አቁሟት፣ ውስጧን አጥቦ ነው የጠበቀን። 240 ሺህ ብር፣ ያለ ሞተር። አጎቴ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና የወለሉን ሳንቃ አንሱልኝ አሉ። “ምን ያደርጋል ጋሼ፣ ከሥሩ ያው ብረት ነው” አለ ሰውዬው። ሳንቃው ተነሳ። ከሥሩም ቀለም አለ፣ ያውም ወፍራም። እዚህ ላይ ያየሁትን የብረት ጀልባ ለሚገዛ ሁሉ እነግረዋለሁ፦ ጀልባ ከውጭ ወደ ውስጥ ሳይሆን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው። ዝናብና ከመረብ የሚንጠባጠብ ውሃ ወለሉ ሥር፣ አጥንት ከምንላቸው ማቋሚያ ብረቶች ጥግ ላይ ተኝቶ ይከርማል። ማንም አያየውም፣ ማንም አይቀባውም። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ትኩስ ቀለም ካየህ፣ የተቀባው ለብረቱ ሲባል አይደለም፤ ለገዢው ነው።

አጎቴ ትንሽ መዶሻቸውን አውጥተው ከአፍንጫዋ ጀምረው ኳ ኳ እያደረጉ ወደ ኋላ ሄዱ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል። መሃል ላይ ሲደርሱ ድምፁ ታፈነ። በቢላዋ ጫፍ ቀለሙን ሲፍቁት ስቱኮ ወጣ፣ ከስቱኮው ሥር የዝገት ቅርፊት፣ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ የጫሞ አሸዋ። ሰውዬው ስልክ ተደወለለትና ሄደ፤ አልተመለሰም።

ሁለተኛዋ ዳር ላይ ተገልብጣ የተኛች፣ ቀለም የሚባል የሌላት፣ ፍየል የሚተኛባት ነበረች። 6 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ። ዝገቷ ቀይና ደረቅ ነው፤ በሽቦ ብሩሽ ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል እንጂ በቅርፊት አይነሳም። መዶሻው ሆዷን ሲመታት ጮኸች። የሞተው ኋላዋ ጥግ ላይ ያለ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታና የሁለት አጥንቶች እግር ብቻ ነው። ከነአሮጌ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ሞተሯ 290 ሺህ ተባለ።

ሞተሩን ውሃ ላይ ሳናየው ዋጋ አንናገርም አልን። በሌላ ሰው ጀልባ ላይ ታስሮ በአራተኛው ገመድ ተነሳ። የማቀዝቀዣው ውሃ ከኋላው በቀጭኑ ተፈናጠረ፤ ይህ ካልታየ የውሃ ፓምፑ ላስቲክ አልቋልና ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ከዚያ የታችኛውን ቡሎን ፈትተን የማርሽ ጥርሱን ዘይት አፈሰስን። ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ውሃ ገብቶበታል፣ ማለትም ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገው ላስቲክ፣ ፓራኦሊዮው፣ አልቋል። የጥርሱን ቤት ከፍተን ስናይ ጥርሶቹ ደህና ነበሩ። የእኔ ፊት ወደቀ፤ የአጎቴ ግን በራ፤ ምክንያቱም ዋጋ የሚወርድበት ነገር ተገኘ።

አርባ ምንጭ፣ ጥር 27

ድርድሩ ከቡና ጀምሮ እስከ ምሳ ደረሰ። ሻጩ የአስጋሪዎች ማኅበር ውስጥ ያለ ሰው ስለሆነ ጀልባዋ በማኅበሩ መዝገብ ላይ አለች። አጎቴ በ210 ሺህ ብር እጅ ለእጅ ሲማቱ፣ እኔ በበኩሌ ከማኅበሩ የዕዳ ነፃ ወረቀት ሳላይ ብሩን አልቆጥርም አልኩ። ሻጩ ቅር አለው፣ “አላመንከኝም ማለት ነው” አለ። አጎቴ “ልጁ እኔንም አያምነኝም” ብለው አረጋጉት። ወረቀቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጣ፤ ውሉ በሦስት ምስክር ተፈረመ። ከዚያ ሻጩ ራሱ አሳ ጋበዘን። የናይል ፐርች ጥብስ ነበር፤ እሾሁ ትልልቅና የሚለቀም ስለሆነ እንደ ቆሮሶ በፍርሃት አይበላም።

ማታ ላይ ሐዋሳ ምንም ሳንወስድ እንድንገባ ጀልባዋን ከውስጥም ከውጭም አጠብን። አጎቴ ከመረብ ማሰሪያው ቀለበት ውስጥ እንኳ የሣር ጭራሮ ለቅመው አወጡ። እምቦጭ ጣናንና ቆቃን ምን እንዳደረጋቸው የሰማ አስጋሪ፣ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚሄድ ዕቃ ላይ ዓይኑን አይጨፍንም።

መንገድ ላይ፣ ጥር 28 እና 29

ሦስት ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 23 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። አጎቴ በጣታቸው፣ እኔ በስልኬ አስልተን ጀልባዋን ከነአጥንቷና ከነመቀመጫዋ 480 ኪሎ ገደማ አደረግናት። ክሬን የለም፤ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ እያንከባለሉ አሥራ አራት ጎረምሶች አይሱዙ ላይ ሰቀሏት፣ ለያንዳንዳቸው 300 ብር። መኪናው አጭሩ ዓይነት ስለነበር አፍንጫዋ ከኋላ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተርፎ ወጣ። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን። የመኪናው ዋጋ እስከ ሐዋሳ 32 ሺህ ብር፤ ሞተሩ ቆሞ ታስሮ ከረዳቱ ጎን ተጓዘ።

ሐይቅ ዳር ጀልባን ዞር ብሎ የሚያይ የለም፤ ደጋ ላይ ሲያዩት ግን ሰው ሁሉ ይቀልዳል። ሁምቦ ዳገት ላይ ጎማ ፈነዳብን። ጎሚስታው እየነፋ ሳለ ጀልባዋን የከበቡት ልጆች “የኖኅ መርከብ!” እያሉ ይጮኹ ነበር። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በቁም ነገር ቀርበው “ምን ሰምታችሁ ነው? ዝናብ አለ እንዴ?” አሉ። አጎቴ “በልግ ሲገባ ይታያል” ብለው መለሱላቸው። ሶዶ አድረን ስንነሳ ከጀልባዋ ውስጥ ሁለት ሰው ተኝቶ አገኘን። ሹፌሩ ሊጮህ ሲል አጎቴ ከለከሉት፤ ሌሊቱን ጀልባዋን ሲጠብቁ ላደሩ ሰዎች ሻይ ይገባቸዋል አሉና ገዙላቸው።

ስሙን የማልጠራው ኬላ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። ገመዱን የያዘው ወጣት ጀልባ በየትኛው የዋጋ ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ አላወቀም። ከተሽከርካሪ እንቁጠረው፣ ከብረታ ብረት ወይስ ከአሳ? በመጨረሻ “ቁርጥራጭ ብረት” በሚለው ሊጽፈው ሲል አጎቴ ተቆጡ። በእኔ ስሌት ያ ከሁሉም ርካሹ ነበር፤ ግን እሳቸው ጀልባቸው ቁርጥራጭ እንዲባል አልፈቀዱም። ውሉን፣ የማኅበሩን ወረቀትና የመኪናውን ኪራይ ደረሰኝ አሳይተን ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ “ልዩ ልዩ ዕቃ” ተብላ 600 ብር ከፍላ አለፈች።

አሞራ ገደል፣ ከየካቲት 1 እስከ የካቲት 13

በሐዋሳው የአሳ ገበያ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ ትርፍራፊ ሲጠብቁ በሚውሉበት አቅራቢያ፣ ከአጥር ጎን ባለች ባዶ ቦታ ላይ ጀልባዋን ገልብጠን ሥራ ጀመርን። በመጀመሪያ ዝገት ማራገፍ፣ በመዶሻ፣ በሽቦ ብሩሽና በግራይንደር። መብራት ሲጠፋ በእጅ። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ማታ አፍንጫውን ሲያጸዳ የሚወጣው ነገር ቀይ ነው። አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጨርቅና መነጽር ከሌለ አይሆንም።

በያጁ የመጣው በየካቲት 3 ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን እንደ ብዙዎቹ በሞተው ላሜራ ላይ ሌላ ላሜራ ደርቦ ዙሪያውን ሊበይድ ፈለገ። አጎቴ እምቢ አሉ። በሁለቱ ላሜራ መሃል የገባ ውሃ መውጫ የለውም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲሱንም ይበላዋል። የሞተው እስከ ጤነኛው ድረስ ተቆርጦ ወጣ፣ ልኩን ቁራጭ ከጫፍ ለጫፍ ገጥመን በየድኑት አልን። ሲበየድም አንዱን መስመር ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ አይደለም፤ እዚህ ጣት የምታህል፣ ከዚያ ማዶ ሌላ ጣት የምታህል፣ ብረቱ እየቀዘቀዘ። አለዚያ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ላሜራ 8,500 ብር ገዛን፣ ግማሹ ተረፈ። የበያጁ ድካም ከነኤሌክትሮዱ 11 ሺህ።

ከዚያ እኔ የወደድኩት ክፍል መጣ። የብየዳው መስመር ከውጭ በኩል ኖራ በውሃ ተበጥብጦ ተቀባና ደረቀ። ከውስጥ በኩል ደግሞ ላምባ ተቀባ። ላምባ ውሃ የማይገባበት ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብትኖር ነጩ ኖራ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ሆና ትታያለች። ሦስት ነጥብ ታየ። በያጁ ሲያይ ደነገጠ፤ ነጥቦቹን ምልክት አድርገን፣ ላምባውን በደንብ ጠርገን፣ አጥበንና አድርቀን ነው እሳት ያስጠጋነው። በሁለተኛው ሙከራ ኖራው እንደነጣ ዋለ።

የብረት ጀልባ ውሃ ከሞላባት ትሰጥማለች፤ እንጨት አይደለችም። ይህን ሐዋሳ ያሉ የእንጨት ጀልባ አስጋሪዎች ሲያነሱብን ሰነበቱ። መልሳችን ቢጫ ጀሪካን ነበር። 480 ኪሎ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚቀለው 60 ኪሎ ያህል ነው። ቀሪውንና ሞተሩን ለመሸከም ክዳናቸው በደንብ የታሸገ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች 24 ያስፈልጋሉ። 26 ገዝተን፣ አንዱ በ150 ብር፣ ከመቀመጫዎቹ ሥር በላሜራ ክር አሰርናቸው። ሰው ከላይ ተቀምጦ አያሻግሩም፤ ጀልባዋን ግን ሐይቁ ወለል ላይ አይተዋትም፣ ሰውም የሚይዘው ነገር አያጣም።

ሁለት እጅ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ አቅጥነን፣ በላዩ ሁለት እጅ ቀለም ቀባን። የወለሉ ሥር ግን ሦስት እጅ ጠጣ፤ አጎቴ ራሳቸው በሆዳቸው ተኝተው ቀቡት። ደግሞ በየአጥንቱ እግር ላይ ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አስበሱ፣ ውሃው አንድ ቦታ ተጠራቅሞ በጣሳ እንዲቀዳ። ይህች ቀዳዳ ከመጀመሪያው ብትኖር ኖሮ ያ የሞተ ላሜራ አይሞትም ነበር።

የሞተሩ ፓራኦሊዮ፣ የፓምፑ ላስቲክና ካንዴላው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን በዓል ስለሆነ ሜካኒኩ አልገባም፤ በማግስቱ ገጥሞ ዘይቱን ሞላ። ቤንዚኑን ለማግኘት ግን ከባጃጆች ጋር ግማሽ ቀን ተሰለፍኩ። በጀሪካን አንቀዳም ስላሉኝ፣ ከማኅበሩ ደብዳቤ አምጥቼ እንደገና ተሰለፍኩ። ለ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ይቀላቀላል።

ውሃ ላይ፣ የካቲት 14 እና 15

ዓርብ ጠዋት አስጋሪዎቹ ሳይጠሩ መጥተው ገፉልን። ወለሉ ደረቅ ነው። ሞተሩ ተነሳ፣ ነገር ግን ያሳላል፣ ጭሱም ጥቁር ነው። ካንዴላው ሲፈታ ጥላሸት ለብሷል። ሜካኒኩ ወዲያው ገባው። ጫሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል፣ ሐዋሳ ደግሞ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስለሳሳ ለታች አገር የተስተካከለው ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጉልበቱም በመቶ ሜትር አንድ በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ስድስት በመቶ ገደማ መንገድ ላይ ጥለን መጥተናል። ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ ብረት በጠባብ መቀየር ያስፈልጋል። እስከዚያው በግማሽ ጋዝ ትሄዳለች።

ማታ መረብ ተጣለ፤ ቅዳሜ ማለዳ ተነሳ። ቆሮሶ ነው የሚበዛው፣ ሁለት አምባዛ አለበት። ገበያ ላይ የጠበቁን ሴቶች ከአሳው በፊት ጀልባዋን መረመሩ። አንዷ “ጋሼ፣ ብረቷን ከአሳው ዋጋ ላይ ልትጨምሩብን እንዳይሆን!” ስትላቸው፣ “ዛሬ አልጨምርም፤ ሰኞ ነይና እናያለን” አሏት። ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ብረት ከአዲስ አበባ ተልካለች ተብለናል። ይዟት የመጣው ሹፌር እስካሁን ስልክ አላነሳም።